ጀሪካን የሌለበት ወጥ ቤት፦ ሮቶ፣ ፓምፕና የግፊት ፓምፕ ዕቃ በዕቃ ሲፈተሹ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤት ከመካከለኛው ኑሮ ከፍ ማለቱን ለማወቅ ሳሎኑን ማየት አያስፈልግም። ትልቅ ቴሌቪዥንና ሶፋ በዕቁብም በብድርም ይገባል። ወጥ ቤት ገብቶ ከበሩ ጀርባ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ እንደሆነ ማየት ይበቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን የማያስፈልገው ቤት፣ ግቢው ውስጥ አንድ ታንከር፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሌላ፣ በመካከላቸው ፓምፕ፣ ከዚያም ውሃውን በኃይል ወደ ቤቱ ቧንቧዎች የሚገፋ የግፊት ፓምፕ አለው። ይህ ግምገማ የእነዚህን ዕቃዎች ነው።

ሮቶ መኖሩ ብቻውን ምልክት አይሆንም። ስሙ የአምራች ስም ሆኖ ሳለ ዛሬ የፕላስቲክ ታንከር ሁሉ መጠሪያ ሆኗል፤ መካከለኛ ገቢ ያለው ብዙ ቤትም አለው። ቤቱን የሚለየው ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ “ውሃ መጣ ወይ?” የሚል ሰው አለመኖሩ ነው።

ከመጠኑ እንጀምር። አምስት ሰው ለሚኖርበት ቤት በነፍስ ወከፍ 80 ሊትር ቢታሰብ በቀን 400 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 20 ሊትር 20 ጀሪካን ማለት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ውሃ የሚያገኝ ሰፈር 2,800 ሊትር ይፈልጋል። ጥሩው አከፋፈል ከታች 2,000፣ ከላይ 1,000 ሊትር ነው። ሁሉንም ላይ መስቀል ስህተት ነው፤ 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል።

ታንከር ሲገዛ ቀለሙና አርማው ሳይሆን ግድግዳው ይታይ። የስልክ መብራት ከውጭ አስጠግቶ በክዳኑ በኩል ወደ ውስጥ መመልከት ነው፤ ብርሃን ካሳለፈ ውስጡ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል። ባለ ሦስት ንብርብሩ፣ ውጩ ጥቁር ውስጡ ነጭ የሆነው፣ ተመራጭ ነው፤ ነጩ ሲታጠብ ቆሻሻውን ያሳያል። ተመሳሳይ መጠን ካላቸው ሁለት ታንከሮች ከበድ የሚለው ግድግዳው የወፈረ ነው፤ ስለዚህ ሻጩ ክብደቱን እንዲናገር ይጠየቅ።

ታንከሩ ከራሱ ይልቅ በመቆሚያው ይበላሻል። በዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። በያጁ አንግል ብረት አራርቆ ይበይድና ታንከሩን በላዩ ያስቀምጣል፤ ውሃው ሲሞላ ሥሩ በብረቶቹ መካከል ወደ ታች ይረግባል፣ ከዓመት በኋላ መውጫው አጠገብ ይሰነጠቃል። ሥሩ ሙሉ በሙሉ መደገፍ አለበት፤ ወፍራም ላሜራ ወይም የኮንክሪት ንጣፍ ያስፈልገዋል። ባዶ ታንከርን ደግሞ ነፋስ ይጥለዋል፤ ከመቆሚያው ጋር ይታሰር።

ፓምፑ ላይ የሚታለል ሰው ብዙ ነው። ትንሹ ባለ 0.5 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሰሌዳው ላይ ለምሳሌ “35 ሜትር” እና “በደቂቃ 35 ሊትር” ተጽፎበት ይሸጣል። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ጊዜ አይገኙም፤ ወደ 35 ሜትር ሲገፋ የሚወጣው ውሃ ዜሮ ነው። ከመሬት እስከ አንድ ፎቅ ጣሪያ፣ ወደ 10 ሜትር ገደማ፣ በደቂቃ 25 ሊትር ከሰጠ 1,000 ሊትሩን በ40 ደቂቃ ይሞላል፤ ለአንድ ቤተሰብ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

የከተማዋ ከፍታ ግን መታሰብ አለበት። በባሕር ወለል ላይ ፓምፕ ውሃን ከሥሩ መሳብ የሚችለው ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ነው። አብዛኛው አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ ይኸው ገደብ ከ8 ሜትር በታች ይወርዳል፤ በተግባር 5 ሜትር ከሳበ ጥሩ ነው። ስለዚህ ፓምፑ ከታችኛው ታንከር አጠገብ፣ ከውሃው ከፍታ ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ይመረጣል። ሞተሮች የሚመረቱት ብዙውን ጊዜ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ መሆኑም አይዘነጋ፤ ሳሳ ያለ አየር ሞተሩን በደንብ አያቀዘቅዘውም። ለሥራው ባለ 0.5 የፈረስ ጉልበት ቢበቃም ባለ 0.75 መግዛት ትርፍ ወጪ አይደለም።

ፓምፕ የሚሞተው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ውሃ ሳይኖር መሽከርከር ነው፤ ውሃ ወደ ሞተሩ እንዳያልፍ የሚያግደው ማሸጊያ (“ሲል”) ይቃጠልና ከሞተሩ በኩል ውሃ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ሌላው የማታ ኃይል ማነስ ነው፤ ሞተሩ እያጉረመረመ መነሳት ያቅተዋል፣ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያግዘው ካፓሲተር ይበላሻል ወይም የሞተሩ የሽቦ ጥቅል ይቃጠላል። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ ከታችኛው ታንከር ውስጥ የሚንጠለጠል ተንሳፋፊ ማብሪያ፣ ለሁለተኛው ኃይል ሲያንስ የሚቆርጥና ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ መከላከያ ነው። ሁለቱም ከፓምፑ ዋጋ አንጻር ትንሽ ናቸው፤ ብዙ ቤት ግን ይተዋቸዋል።

ፓምፑን ከመንገዱ ቧንቧ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ፈጽሞ አይገባም። ቧንቧው ውስጥ ግፊት ሲጠፋ ፓምፑ በስንጥቅ በኩል የአፈርና የፍሳሽ ውሃ ይስባል፤ ያንን የሚጠጣው ሰፈሩ ሁሉ ነው። ውሃ በራሱ ግፊት ታችኛው ታንከር ይግባ፣ ፓምፑ ከዚያ ይውሰድ። በተለይ እንደ እንጦጦ ግርጌ ባሉ ከፍታ ሰፈሮች ውሃው በሌሊት ቀጭን ሆኖ ስለሚመጣ፣ መግቢያው መሬት ላይ ዝቅ ባለ መጠን የበለጠ ይሰበሰባል።

ከላይኛው ታንከር በኋላ ያለው ጉዳይ ግፊት ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ይሰጣል። ታንከሩ ከሻወሩ በ3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ያለው 0.3 ባር ነው፤ ሻወሩ ይንጠባጠባል። ብዙዎቹ አውቶማቲክ ልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ደግሞ ቢያንስ 0.5 ባር ይፈልጋሉ፤ ካላገኙ ለረጅም ሰዓት ሲሞሉ ቆይተው የስህተት ምልክት ያሳያሉ። ማሽኑ ተበላሸ ተብሎ ባለሙያ ይጠራል፤ ጥፋቱ ግን የታንከሩ ከፍታ ነው።

መፍትሔው የግፊት ፓምፕ ነው፣ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ውሃው በእሱ ውስጥ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ጣሪያ ላይ አንድ ቶን ውሃ እያለ ቤቱ ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ በፓምፑ ጎን ሁለተኛ መስመር ይዘርጋ፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ ይግባበት። መብራት ሲጠፋ ውሃው በዚያ በኩል በራሱ ይወርዳል። ከውጭ ሆነው ለወላጆቻቸው ቤት ገንዘብ የሚልኩ ልጆች ከውድ ፓምፕ በፊት ይህ መስመር መኖሩን ይጠይቁ፤ ጥቂት ቧንቧና አንድ ቫልቭ ነው የሚያስወጣው።

ፓምፑ ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ቶሎ ቶሎ የሚነሳና የሚቆም ከሆነ ከሥሩ ያለው ክብ የግፊት ጋን አየሩ ወጥቷል። ውሃውን አፍስሶ በጎማ መንፊያ አየር መሙላት ነው፤ የአየሩ ግፊት ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት በ0.2 ባር ያነሰ ይሁን። በስድስት ወር አንድ ጊዜ ይታይ።

ቧንቧው ፒፒአር (በሙቀት እየቀለጠ የሚጋጠም ፕላስቲክ) ከሆነ ፀሐይ ላይ ያለው ክፍል ይሸፈን፤ ያለበለዚያ ተሰባሪ ይሆናል። ሲገጠም በ260 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ሠራተኛው ከልክ በላይ ከገፋው ውስጡ ላይ ቀለበት ሠርቶ መተላለፊያውን ያጠበዋል፣ ከውጭ ግን አይታወቅም። የታንከሩ የትርፍ ውሃ ማፍሰሻ ከመግቢያው ይስፋ፤ መግቢያው 3/4 ኢንች ከሆነ ማፍሰሻው 1 1/4። ታንከሩ ሲሞላ ውሃውን የሚያስቆመው ተንሳፋፊ አንድ ሌሊት ሳይሠራ ከቀረ ጣሪያውን የሚያድነው ይኸው ነው።

ጽዳት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ከክረምት በኋላ። ታንከሩ ተፈቅፍቆ ይታጠብ፣ ከዚያ ለ1,000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ተጨምሮ ለ12 ሰዓት ይቆይ። ይህ ውሃ አይጠጣም፤ በየቧንቧው ትንሽ ከተለቀቀ በኋላ ሁሉም ይደፋና ታንከሩ እንደገና ይታጠባል።

ለሠራተኛው የመጨረሻው ክፍያ ከመሰጠቱ በፊት ይህ ይሞከር። ሁለቱም ታንከሮች ሞልተው አንድ ቀን ይደሩ፣ መገጣጠሚያዎቹ በደረቅ ወረቀት ይዳሰሱ። የላይኛው ታንከር ተንሳፋፊ ማብሪያ በእጅ ሲነሳ ፓምፑ መቆም፣ የታችኛው ታንከር ሲወርድ አለመነሳት አለበት። ብሬከሩ ወርዶ ሻወር ይከፈት፤ ቀጭንም ቢሆን ውሃ መምጣት አለበት። ከዚያ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ። በዚህ ጊዜ የግፊት ፓምፑ በራሱ ከተነሳ ውሃ የሚያመልጥበት ቦታ አለ፤ ፍለጋው ከሽንት ቤቱ የውሃ ሳጥን ይጀመር።