ካሴቶቻችንን ላተረፉልን ባለሙያ፦ እድሜ ይስጥልን!

ሜክሲኮ አካባቢ የድሮ ቪዲዮ ካሴት ወደ ዲቪዲና ወደ ሃርድ ዲስክ ለሚገለብጡት አባት ምስጋናዬ በአደባባይ ይድረሳቸው። 11 ካሴት ነው የተሰጣቸው፤ 9ኙ አገር ቤት የተቀረጹ፣ 2ቱ ከአሜሪካ የተላኩ። ሰርግ፣ መልስ፣ ክርስትና። አንዱም ሳይጠፋ ወጥቷል። ካሴት ያላችሁ ሰዎች፣ ለእሳቸው ስጡ!

ከእሳቸው በፊት ሦስቱን የገለበጠ ሌላ ቤት ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ ግን ይነገር። የ4 ሰዓት ሰርግ አንድ ዲቪዲ ላይ ታጭቆ መጣ። ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ባይት ነው የሚይዘው፤ ደህና ጥራት ይኑረው ከተባለ ከ2 ሰዓት ብዙም አያልፍም። ሲታጨቅ ሙሽሮቹ ተቀምጠው ሳሉ ምንም አይታወቅም፤ ጭፈራው ሲጀመር ግን ምስሉ ትንንሽ አራት ማዕዘን ሆኖ ይበታተናል። ድምፁም መጀመሪያ ላይ ልክ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ሽማግሌው አፋቸውን ከዘጉ በኋላ ነው ምርቃታቸው የሚሰማው። ያረጀ ካሴት ምስሉን በእኩል ፍጥነት አይሰጥም። ርካሽ መቅረጫ ያልተረጋጋውን ምስል ይጥለዋል፣ ድምፁ ግን ይቀጥላል፤ ልዩነቱ በየደቂቃው እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ከአሜሪካ የመጣው ደግሞ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ተመለሰ። “ካሴቱ አርጅቶ ነው” ተባለ። አልነበረም! የእኛ አገር የቪዲዮ ምስል ሥርዓት ፓል የሚባለው ነው፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ነው፤ 525 መስመር፣ ወደ 30 ምስል። ሁለቱንም የሚያጫውት ዴክ ከሌለ ቀለሙ ይጠፋል፣ ወይም ምስሉ ይንከባለላል። ከሁሉ የሚያናድደው የተበጠሰ የካሴት ክር በተራ ፕላስተር ተለጥፎ መመለሱ ነው። የፕላስተር ሙጫ ከጊዜ ብዛት ወጥቶ የዴኩ ሄድ ላይ፣ ማለትም ምስሉን ከክሩ በሚያነበው ክፍል ላይ፣ ይጣበቃል፤ አንድ ካሴት አድናለሁ ተብሎ ማጫወቻው ይበላሻል።

የእኚህን አባት ሙያ ለማየት ግን ዴክ እስኪከፈት መጠበቅ አላስፈለገም። እያንዳንዱን ካሴት ወደ ብርሃን አዙረው በመስኮቱ ያዩታል፣ ክዳኑን ገልጠው ክሩን ያዩታል፣ ያሸቱታል። ስድስተኛው ላይ ቆሙ። የተጠቀለለው ክር ጠርዝ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ነበረ። “ይሄ ሻጋታ ነው። አሁን ባስገባው ሄዱንም ይደፍናል፣ ቀጥሎ የሚገባውንም ካሴት ይበክላል” አሉና ለብቻው በላስቲክ ጠቀለሉት። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያስገባው ነበር። እሳቸው መጀመሪያ ደረቅ ቦታ አቆዩት። ከዚያ አፍንጫቸውን ሸፍነው ከታች ያሉትን 5 ብሎኖች በካቻቪቴ ፈቱ፤ ለሻጋታ ብቻ በመደቡት አሮጌ ዴክ ክሩን ቀስ እያሉ እየጠረጉ አጠነጠኑት፤ ጥቅልሉን ወደ ንጹህ የካሴት ቤት አዛወሩት። ለዚህ ትዕግሥት ምን ዋጋ ይከፈላል? እጃቸው ይባረክ!

ሄድ ሲያጸዱም በጥጥ አይነኩም፤ የጥጡ ቃጫ ሄዱ ላይ ይያዝና ይሰብረዋል። ቃጫ የማይለቅ ጨርቅ በኢሶፕሮፒል አልኮል ያረጥቡና ጨርቁን አሳርፈው ሄዱ ያለበትን ሲሊንደር በእጅ ያዞራሉ። ወደ ላይና ወደ ታች መፈተግ ፈጽሞ የለም። የተበጠሰውን በካሴት መቀጠያ ቴፕ፣ ከጀርባው በኩል ቀጠሉት። ዴካቸው የምስሉን ፍጥነት የሚያስተካክል ቲቢሲ የሚባል ክፍል አለው፤ ድምፅና ምስል እስከ መጨረሻው አብረው የሄዱት በዚህ ነው።

ቶሎ ይድረስልኝ ብላችሁ አታስቸኩሏቸው። የ3 ሰዓት ካሴት ለመቅረጽ 3 ሰዓት ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። አንድ ሰዓት ዲቪ በሚባለው የዲጂታል ቪዲዮ ዓይነት ሲቀረጽ 13 ጊጋ ባይት ያህል ይወስዳል፤ የ11ዱ ካሴት 22 ሰዓት ወደ 290 ጊጋ ባይት ሆኗል። ስለዚህ ባዶ ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ። ዲቪዲው ለቤተሰብ ማያ ነው፤ ዋናው ፋይል ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ነው፤ እሱንም ሁለት ቦታ አስቀምጡት። የ3 ሰዓቱን ለሁለት ዲቪዲ ከፈሉት እንጂ አላጨቁትም። የፊት ቅርጽም አልተለጠጠም፤ ወርድና ቁመቱ 4 በ3 ሆኖ የተቀረጸውን 4 በ3 አድርገው ተዉት።

ከመውሰዳችሁ በፊት እቤት “እስቲ ይሠራ እንደሆነ” ብላችሁ አታጫውቱት። ቀዩን የመቅረጫ ቁልፍ ነክቶ ሰርግ ላይ ሌላ ነገር የቀረጸ ሰው ብዙ ነው፤ እንዳይቀረጽበት የካሴቱ ጀርባ ላይ ያለችው ትንሿ ፕላስቲክ ካልተሰበረች ስበሯት። ከስፒከር አጠገብ አታስቀምጡት፤ በቁሙ አቁሙት። ከተገለበጠም በኋላ ካሴቱን አትጣሉ፤ እሳቸውም ሁሉንም ቆጥረው መልሰዋል።

አዲስ የቪዲዮ ማጫወቻ ማምረት በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቆሟል፤ ያሉት ዴኮች እያለቁ ነው። እንዲህ ያሉ ባለሙያዎችም ጥቂት ናቸው። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ወዲያው እልካለሁ።