የሲሊማሪን እንክብል ለቲቢ ታካሚ፦ በእህቴ ሕክምና ወቅት ያየሁት

ታላቅ እህቴ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በጀመረች በ2ኛው ሳምንት ጉበቷን እንዲጠብቅላት ብዬ ከሰፈራችን መድኃኒት ቤት 140 ሚሊግራም ሲሊማሪን የያዘ እንክብል ገዛሁላት። ማሸጊያው ላይ «ጉበትን ከመድኃኒት ጉዳት ይከላከላል» ተብሎ ተጽፎበታል።

ሲሊማሪን ሚልክ ቲስል ከተባለ፣ ሐምራዊ አበባ ካለው እሾኻማ ተክል ዘር ተነጥሮ የሚወጣ ነው። ዋነኛ ክፍሉ የሆነው ሲሊቢን በደም ሥር በሚሰጥ መልኩ ተዘጋጅቶ በአውሮፓ መርዛማ እንጉዳይ ለበሉ ሰዎች ሲሰጥ ቆይቷል፤ በአፍ ከሚዋጠው ግን ወደ ደም የሚዘልቀው ጥቂቱ ስለሆነ፣ የዚያን ዝና ለዚህ እንክብል ማውረስ ተገቢ አይደለም። ጉበትን ሊጎዱ የሚችሉትን የቲቢ መድኃኒቶች ማለትም የአይሶኒያዚድን፣ የሪፋምፒሲንንና የፒራዚናሚድን ጉዳት ይከላከል እንደሆነ በሰው ላይ ከተደረጉት ጥቂት ሙከራዎች አንዳንዶቹ ጥቅም ሲያዩበት ሌሎቹ ልዩነት አላገኙም። ለወፍ በሽታ የሚታወቀው የእኛው ስሚዛም በኬሚካል ጉበታቸው በተጎዳ አይጦች ላይ ተሞክሮ መልካም ምልክት አሳይቷል፤ ይህ ግን ለታማሚ ተለክቶ ሊሰጥ ይችላል ማለት አይደለም።

እንክብሉ ለመዋጥ አያስቸግርም፤ ሆዷን ለጥቂት ቀናት ከማላላቱ በቀር ያስከተለባት ነገርም አልነበረም። በቀን 3 ጊዜ ስለሚዋጥ 30 ፍሬ የያዘው ፓኬት በ10 ቀን ያልቃል፤ ወጪው ለ6 ወር ታካሚ ቀላል አይደለም።

በ6ኛው ሳምንት ምግብ አስጠላት፣ አቅለሸለሻት፣ ሽንቷም ጠቆረ። ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ እንደሚያደርግ ተነግሮን ስለነበር ከዚያ የመጣ መሰለን፤ በእንክብሉም ተማምነን 4 ቀን ዘገየን። ጤና ጣቢያ የወሰድኳት የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሲሆን ነው። በደም ምርመራው፣ ጉበት ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምረው የጉበት ኢንዛይሟ ከመደበኛው ጣሪያ ከ5 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ መድኃኒቶቹን አቋርጠው፣ ኢንዛይሙ ሲወርድ አንድ በአንድ መልሰው አስጀመሯት፤ ሕክምናዋንም በሰላም ጨረሰች።

በምርቱ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ከውስጡ ያለው ወረቀት ስለ እነዚህ ምልክቶችም ሆነ ስለ ደም ምርመራ አንድም ቃል አለመያዙ ነው። ከተክል የተገኘ ሁሉ ለጉበት ይስማማል የሚለው እምነትም ልክ አይደለም፤ ተነጥሮ የተከማቸ የአረንጓዴ ሻይ እንክብል ራሱ ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች አሉ። እንክብሉን የሚወስድ ሰው የቲቢ መድኃኒቱን ለሚሰጡት ባለሙያ እንዲነግር አጥብቄ እመክራለሁ። እኛ እንክብሉን ተውነው፤ ለሚቀጥለው ፓኬት ያስቀመጥነውን ገንዘብ ለደም ምርመራ አዋልነው።