የደረት አከርካሪ እጢ፦ በጀርባ ወይስ በደረት በኩል?

ከጡት፣ ከሳንባ ወይም ከፕሮስቴት ተነስቶ አከርካሪ ላይ የሚያርፍ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ከህብለ ሰረሰር ፊት፣ በአጥንቱ አካል (ወፍራም በሆነው የፊት ክፍሉ) ላይ ነው። ጭንቁ በቀዶ ሕክምና እዚያ በየት በኩል ይደረስ የሚለው ነው።

በደረት የገባ ሐኪም እጢውን ፊት ለፊት ያገኘዋል። ዕዳው ሳንባ ላይ ይወድቃል፦ የጎድን አጥንቶች ተፈልቅቀው ሳንባው ገለል ይደረጋል፤ ታማሚው ሲነቃ ከጎኑ አየርና ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ተተክሎ ያገኛል። ማሳል ያማል፤ ሕመሙን ፈርቶ ያላሳለ ደግሞ ለሳንባ ምች ይጋለጣል።

የጀርባው መንገድ ለብዙ ሐኪሞች የተለመደ ነው፤ አከርካሪውን የሚያጠናክረው ብሎንና ዘንግም በዚያው ይገባል። የሚያሰጋው የቁስል ኢንፌክሽን ነው፣ በተለይ ቆዳው አስቀድሞ ጨረር ካገኘው። የህብለ ሰረሰሩ ሽፋን ተቀዶ ፈሳሽ ሊያፈስም ይችላል።

የኋላውን አጥንት ብቻ አንስቶ መዝጋት፣ ያ የድሮው ልማድ፣ ለእኔ ከሁሉም የከፋው ነው። እጢው ፊት ለፊት እንደተቀመጠ ይቀራል፤ አከርካሪው ግን የቀረችውን ድጋፍ ያጣል። ዛሬ በጀርባ ገብተው በጎን ዞረው እጢውን የሚያወጡት ለዚህ ነው።

የኩላሊት ካንሰር ከሆነ በሁለቱም በኩል ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል፤ የእጢውን ደም ስሮች አስቀድሞ መድፈን የተለመደ ነው።