የአርቴሚያ መፈልፈያው ዕቃ ዋጋውን ያወጣል
ለዓሣ ጫጩት እንደ አርቴሚያ (በጨዋማ ውሃ የሚኖር ሽሪምፕ መሰል ደቃቅ እንስሳ) ያለ ምግብ የለም። ይሄ ከታች ሾጠጥ ያለ፣ ቧንቧ ያለው መፈልፈያ ሥራውን በጣም አቅሎልኛል። በ1 ሊትር ውሃ 25 ግራም ገደማ ጨው፣ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት፣ መብራትና ከሥር የሚነፋ አየር ካገኘ እንቁላሉ በ24 ሰዓት ገደማ ይፈለፈላል። የወደድኩት ግን ማጣራቱን ነው፤ አየሩን ዘግታችሁ ከታች በኩል መብራት ስታበሩ የተፈለፈሉት ወደ ብርሃኑ ይወርዳሉ፣ ባዶው ቅርፊት ላይ ይንሳፈፋል፣ ከዚያ ቧንቧውን ከፍቶ መቅዳት ብቻ። ያልተፈለፈለው እንቁላል ስለሚዘቅጥ መጀመሪያ የሚወርደውን ውሃ ድፉት።

ቅር ያለኝ ነገር ቧንቧው ጨው እየያዘው መጥበቁ ነው፣ ሁሌ መታጠብ ይፈልጋል። ደግሞ የተፈለፈሉትን አለቅልቃችሁ ቶሎ መግቡ፤ ከቆዩ አስኳላቸውን ይጨርሱና ለጫጩቶቹ ብዙም አይጠቅሙም።