የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ፦ አዲስ አበባ መሄድ ወይስ ከጅማ ሆኖ ማዘዝ?

ስለ መጻሕፍት የምንጽፍ የጅማ ልጆች ዐውደ ርእይ በደረሰ ቁጥር የምንከራከርበት ጉዳይ ነው።

ወጪ፦ መሄድ ኪስ ይጎዳል። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ምግብ፣ አልጋ አለ። የሚያሳድር ዘመድ ከሌለ የመጽሐፉን ብር ሆቴል ይበላዋል። በቴሌግራም ለሚያዝ ግን የመጽሐፉና የመላኪያው ሒሳብ ብቻ ነው።

ምርጫ፦ እዚህ ላይ መሄድ ያለ ጥርጥር ይበልጣል። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው በአብዛኛው ቶሎ የሚሸጠው ነው። ዐውደ ርእዩ ላይ ግን ከጠረጴዛ ሥር ካለ ካርቶን ውስጥ ስፌቱ የላላ፣ ገጹ ቢጫ የሆነ፣ ከገበያ የጠፋ እትም ይወጣል። ገጽ እንዳልጎደለው ገልጦ ማየት ይቻላል። አሳታሚውንም ፊት ለፊት «ስንት ቅጂ አሳተማችሁ? ጅማ ለምን አይደርስም?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ስለ ወረቀት ዋጋ ከራሱ አፍ መስማት ለእኔ ከቅናሹ ይበልጣል።

ስጋት፦ ለማያውቁት ሻጭ ብር አስቀድሞ መላክ ያስፈራል። ጉዞው ደግሞ ያደክማል።

የሚፈልገውን ርእስ ለይቶ የሚያውቅ፣ ፈቃድ የማያገኝ ሠራተኛ ይዘዝ። የሚጽፍ ወይም የቆየ እትም የሚያድን ይሂድ፤ ብርቅዬው ቶሎ ስለሚነሣ በመክፈቻው ቀን ይድረስ።