የድንጋይና የፎሲል ኪቱን አንድ ተርም ሙሉ ከ7ኛ ክፍል ልጆች ጋር ተጠቅሜ ያየሁት

ሳጥኑን ስከፍተው መጀመሪያ ቅር ነው ያለኝ። ማስታወቂያው ላይ እኮ ድንጋዮቹ መዳፍ የሚሞሉ ነው የሚመስሉት፣ እጄ የገቡት ግን ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጡም። 24 ድንጋይ ቁጥር ተለጥፎባቸው፣ 6 ፎሲል (ድንጋይ ሆኖ የቀረ የጥንት እንስሳ ቅሪት)፣ ሚስማር፣ ትንሽዬ መስታወት፣ ያልተለበጠ ነጭ ሸክላ፣ ለአቼቶ ማንጠባጠቢያ፣ ስለ በረዶ ዘመን የሚያወሩ ካርዶች፣ የተጠቀለለ ሪባን እና ማጉያ ሌንስ፣ እሱም አንድ ብቻ፣ ከ40 በላይ ልጅ ላለበት ክፍል! የኩባንያውን ስም አልጠራም፣ ይሄን የሚመስል ኪት የሚሸጠው ብዙ ስለሆነ ስትገዙ ምን ማየት እንዳለባችሁ ብነግራችሁ ይሻላል።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንዷ ተማሪዬ አቧራ ይዘዋል ብላ ድንጋዮቹን በሙሉ ባልዲ ውስጥ ነከረቻቸው። ቁጥሮቹ ተላቀው ውሃው ላይ ተንሳፈፉ፣ ከነሱ ጋር ደግሞ አንድ ድንጋይ አብሮ ተንሳፈፈ። ተጭበርብረናል ይሄ ድንጋይ አይደለም ፕላስቲክ ነው ብለው ጮሁብኝ። ፑሚስ ነበር፣ ከእሳተ ገሞራ ሲወጣ በጋዝ አረፋ ተሞልቶ እንዳለ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ውስጡ ሁሉ ቀዳዳ ነው፣ ለዛ ነው የሚንሳፈፈው። ያንን ለማስረዳት እኔ አንድ ክፍለ ጊዜ መድቤ ነበር፣ ባልዲው በ1 ደቂቃ ጨረሰው።

ማጣበቂያው የማይረባ ነው፣ ይሄ ግልፅ ጉድለት ነው፣ ተናድጄም ነበር። ግን 24 ስም የሌለው ድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግፎ ልጆቹ ራሳቸው የቱ የቱ እንደሆነ ማወቅ ሲኖርባቸው ነው ኪቱ ዋጋውን ያወጣው። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ያወጣው የጥንካሬ መለኪያ አለ አይደል፣ ከታልክ 1 እስከ አልማዝ 10፣ ጥፍራችን 2.5 አካባቢ መስታወት ደግሞ 5.5 አካባቢ፣ ጠንካራው ለስላሳውን ይጭራል፣ ስለዚህ ከጥፍር የሚለሰልሰውን ጂፕሰም በጥፍር ትጭሩታላችሁ፣ ኳርትዝ ግን 7 ስለሆነ መስታወቱን ራሱ ይጭረዋል። እዚህ ጋር አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ ልጆቹ ለስላሳው ድንጋይ መስታወቱ ላይ የተወውን ዱቄት አይተው ጫረው ይሏችኋል፣ በእርጥብ ጣት አብሱት በሏቸው፣ ካልጠፋ ነው ጭረት። ነጩ ሸክላ ላይ መፈተግም ጉድ ነው፣ ግራጫ ሆኖ የሚያብለጨልጨው ሄማታይት (የብረት ማዕድን ነው) ቀይ ቡናማ መስመር ያወጣል፣ ወርቅ ነው ብሎ ኪሱ ሊከተው የነበረው ልጅ ደግሞ የፓይራይቱ (ወርቅ የሚመስለው ማዕድን) መስመር ጥቁር ሆኖ ሲመጣ ፊቱን ብታዩት!

ከሁሉም የወደድኩት የኖራ ድንጋዩና እምነበረዱ ናቸው። ሁለቱም ላይ አቼቶ ስናንጠባጥብ ቀስ ብሎ አረፋ አወጣ (ቀድማችሁ በሚስማር ጫር ጫር አድርጉት፣ ዱቄቱ ላይ በደንብ ይታያል)፣ ልጆቹም ታዲያ አንድ ድንጋይ ናቸው ብለው ፃፉ። በሌንሱ ሲያዩት ግን የኖራ ድንጋዩ ውስጥ የዛጎል ስብርባሪ አለ፣ እምነበረዱ ላይ ዛጎል የለም፣ እንደ ስኳር የተያያዘ የሚያብረቀርቅ ክሪስታል ብቻ። የኖራ ድንጋይ በሙቀትና በግፊት ሲለወጥ እምነበረድ ይሆናል፣ ሜታሞርፊክ የሚባለው ቃል ያኔ ነው የገባቸው።

ፎሲሎቹ ላይ ቅሬታ አለኝ። አሞናይቱ (ጥምዝምዝ ዛጎል ያለው የጥንት የባህር እንስሳ) እና የሻርክ ጥርሱ ጥሩ ናቸው፣ ትሪሎባይቱ (ሰውነቱ የተከፋፈለ፣ ከጠፋ የቆየ የባህር እንስሳ) ግን ሬዚን፣ ማለትም ፕላስቲክ መሰል ነገር ነው፣ ቀላል ነው፣ ስትይዙት አይቀዘቅዝም፣ በሌንስ ደግሞ ትንንሽ ክብ የአየር አረፋ ይታይበታል። ኮፒ መሆኑ አልነበረም ችግሩ፣ ሙዚየምም ኮፒ ያስቀምጣል፣ ግን ወረቀቱ ላይ ኮፒ ነው ብሎ መፃፍ ነበረበት። እኛ ንዴታችንን በጀሶ ተወጣን፣ ዛጎል ፕላስቲሲን ላይ ተጭነን ጀሶ አፈሰስንበት፣ ጎድጓዳው አሻራ ሞልድ ይባላል፣ እሱን ሞልቶ የጠነከረው ጀሶ ካስት። ጀሶው ሲጠነክር መሞቁ ለብቻው ጫጫታ ፈጠረ። ትርፉን ሲንክ ውስጥ እንዳትደፉት፣ ቱቦው ውስጥ ይደርቃል።

የበረዶ ዘመን ካርዶቹ ግን ጣሏቸው። አንዱ ላይ ማሞዝ፣ ያ ፀጉራም የጥንት ዝሆን፣ እና ዳይኖሰር ጎን ለጎን ቆመዋል! ያዳነን ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ሪባን ነው። 46 ሜትር ነው፣ 1 ሴንቲሜትር ማለት 1 ሚሊዮን አመት፣ አንዱ ጫፍ ምድር የተፈጠረችበት ሌላው ዛሬ። ሜዳ ላይ ዘረጋነውና ከዛሬ ወደ ኋላ ለካን፣ ትሪሎባይት 5 ሜትር ከ21 ላይ ይጀምርና 2 ሜትር ከ52 ላይ ያልቃል፣ ዳይኖሰሮቹ 66 ሴንቲሜትር ላይ ይጠፋሉ (ወፎቹ ሲቀሩ)፣ አሁን ያለንበት የበረዶ ዘመን በሙሉ 2.6 ሴንቲሜትር ነው፣ ጣት የማይሞላ። በረዶው ለመጨረሻ ጊዜ የገነነበት፣ ባህሩ ከዛሬው 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለበት የዛሬ 21,000 አመት አካባቢ፣ 0.2 ሚሊሜትር። የሪባኑ ጫፍ ላይ የተተረተረው ክር ከዛ ይወፍራል። ከዛ የመጨረሻዎቹ ማሞዞች ከሳይቤሪያ ሰሜን ባለችው ራንግል ደሴት ላይ እስከ የዛሬ 4,000 አመት አካባቢ ነበሩ፣ የጊዛ ፒራሚዶች ተሰርተው ካለቁ በኋላ ማለት ነው ስላቸው ማንም አላመነኝም።

ካርዶቹ ምክንያቱን የሚሉት "ምድር ቀዘቀዘች" ነው፣ በቃ። ምድር ፀሃይን የምትዞርበት መስመር ቅርፁ በ100,000 አመት አካባቢ፣ ዘንበል ማለቷ ደግሞ በ41,000 አመት አካባቢ እየተቀያየረ ሰሜኑ ላይ ሞቃቱ ወቅት ሲለዝብ ያለፈው በረዶ ሳይቀልጥ አዲሱ ይደረብበታል፣ እንደዛ እያለ ነው የሚያድገው፣ ይሄን በግሎብና በባትሪ ራሴ ነው ያሳየሁት። የግግር በረዶውን ስራም ኪቱ አያሳይም። እኛ ውሃ ከአሸዋና ጠጠር ጋር ፍሪዘር ውስጥ አስገብተን ያንን በረዶ ሳሙና ላይ ጎተትነው፣ አንድ አቅጣጫ የያዘ ጭረት ተወ፣ ባዶውን በረዶ ስንጎትት ግን ምንም። እነ ሉዊ አጋሲ (የስዊዘርላንድ ተመራማሪ ነው) የበረዶ ዘመን ነበረ ብለው እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ ሲሟገቱ ካቀረቡት ማስረጃ አንዱ ድንጋይ ላይ የቀረው ይሄ ጭረት ነው።

ከ5 ስንት እሰጠዋለሁ? ድንጋዮቹና ሪባኑ 4፣ ፎሲሎቹ 2፣ ካርዶቹ ዜሮ። ሌላ ሳጥን ልገዛ ነው ግን፣ ሌንስ 5 ጨምሬ። ቁጥሩን ነጭ የጥፍር ቀለም ቀብቼ እሱ ላይ በማርከር ነው የምፅፈው፣ ያውም ተርሙ ሊያልቅ ሲል፣ መጀመሪያ ባልዲው።