ማሞቂያ ምድጃችንን ከኮምፒውተር ጋር ላገናኘልን ወንድማችን ምስጋና፣ ሚኒሶታ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ወገኖች። ይሄን የምጽፈው በተለይ ሴንት ፖልና ሚኒያፖሊስ አካባቢ ላላችሁ ነው። ሌላ ቦታ ሆናችሁ ቤታችሁን በፔሌት ምድጃ የምታሞቁም ብታነቡት ይጠቅማችኋል። አንድ የአገራችን ልጅ ቤታችን ድረስ መጥቶ የሳሎን ማሞቂያ ምድጃችንን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶልናል። አሁን ሥራ ላይ ሆኜ የቤቱን ሙቀት አያለሁ፣ እጨምራለሁ፣ እቀንሳለሁ። እሳቱ እምቢ ካለ ደግሞ ወዲያው መልእክት ይደርሰኛል። እንዲህ ያለ የጥንቃቄ ሥራ ሠርቶልን በአደባባይ ሳላመሰግነው ብቀር ቅር ይለኛል።

ቤታችን ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ የጋዝ መስመር የለውም። ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች በፕሮፔን ነበር የሚያሞቁት። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ በዚህ አካባቢ ፕሮፔን አጥሮ ዋጋው ጣሪያ ሲነካ ነው የፔሌት ምድጃ ያስገቡት። ፔሌት ለማታውቁት፣ ከሰጋቱራ ተጨምቆ የሚሠራ ትንንሽ ፍሬ ነው፣ እዚህ በ40 ፓውንድ ከረጢት ይሸጣል፣ 18 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። ምድጃው አናት ላይ ትገለብጡታላችሁ፣ ከዚያ በሞተር የሚዞር ጠመዝማዛ ብረት ፍሬውን በትንሽ በትንሹ ወደ ማቃጠያው ያወርደዋል። አንዱ ማራገቢያ ጭሱን ወደ ውጭ ያስወጣል፣ ሌላው ሙቅ አየሩን ወደ ቤት ይነፋል። የሚለኮሰውም በመብራት ነው።

እኔ ሆስፒታል የሌሊት ሺፍት ነው የምሠራው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ናት፣ ባለቤቴም ሌሊት የሚሠራበት ሳምንት ስላለ ብቻዋን የምታድርበት ጊዜ አለ። የምድጃው ሰሌዳ ላይ ያለው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ችግር ሲፈጠር ደግሞ የሚያሳየው ኮድ ብቻ ነው። የዚህን አገር ብርድ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሳ ነበር። እንዲህ ባለ ሌሊት እሳቱ ጠፍቶ እስኪነጋ ማንም ባያውቅስ? ሰው ይጎዳል፣ በግድግዳ ውስጥ ያለው የውሃ ቧንቧም በርዶ ይፈነዳል። ቤት ከ55 ፋራናይት ማለትም ከ13 ሴልሺየስ በታች እንዳይወርድ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ሥራ ላይ ቆሜ ሐሳቤ ግማሹ ቤት ነበር።

መጀመሪያ ያማከርኩት ሌላ ሰው በዋይፋይ የሚሠራ ሶኬት ግዢ፣ ምድጃውን እሱ ላይ ሰክተሽ በስልክሽ ማብራት ማጥፋት ነው አለኝ። ይሄን ለወንድማችን ስነግረው ገና በስልክ ላይ፣ «እህቴ፣ እሱን እንዳታደርጊው» አለኝ። ምክንያቱን ደግሞ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። መብራቱ ድንገት ሲቋረጥበት እሳቱ ቶሎ አይጠፋም፣ ጭሱን የሚያስወጣው ማራገቢያ ግን በዚያው ቅጽበት ይቆማል፣ ስለዚህ ማቃጠያው ውስጥ የቀረው ፔሌት እየጨሰ ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሚባለው መርዛማ ጋዝ ጋር ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። ምድጃው በወጉ ሲጠፋ መጀመሪያ ፍሬ ማውረዱን ያቆማል፣ የቀረውን አቃጥሎ ይጨርሳል፣ ማራገቢያው እስኪበርድ ድረስ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚዘጋው። ይሄን ማንም አቋራጭ ሊያደርገው አይገባም አለኝ። እኔ ልጁን ያመንኩት ያኔ ነው።

ቤት ሲመጣም ካቻቢቴውን ከማውጣቱ በፊት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያችንን ነው ያየው። ጊዜው አልፎበት ነበር፣ አስቀየረን። ጭስ ማውጫው መቼ እንደተጠረገም ጠየቀ። በዓመት አንድ ጊዜ መታየት ስላለበት መጀመሪያ ፈቃድ ባለው ሰው አስጠርጉት ብሎ ያን ቀን ሳይጀምር ሄደ። ገንዘቡን ተቀብሎ ዝም ብሎ መሥራት ይችል ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ምድጃው ጀርባ ላይ ለቴርሞስታት፣ ማለትም የቤቱን ሙቀት እያየ ምድጃውን ለሚያስነሳና ለሚያስቆም መቆጣጠሪያ፣ የተዘጋጁ ሁለት ብሎኖች አሉ። በጣም ትንሽ ቮልቴጅ ነው ያላቸው። ሁለቱ ሲገናኙ ምድጃው ይለኮሳል፣ ሲለያዩ ራሱ በደንቡ ይጠፋል። እዚያ ላይ ትንሽ ሪሌይ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አሰረ፣ ሪሌዩን ደግሞ ራስፕበሪ ፓይ ከሚባል መዳፍ የሚያክል ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። ፕሮግራሙ ሆም አሲስታንት የሚባለው ነው፣ በነጻ የሚገኝ። ኮምፒውተሩ ምድጃውን «ሙቀት ስጠኝ» ወይም «በቃኝ» ብቻ ነው የሚለው። ማቀጣጠሉን፣ መመገቡን፣ ማጥፋቱን የሚመራው የምድጃው የራሱ ሰሌዳ ነው። ከመጠን በላይ ሲግል የሚያቋርጠውንና የጭስ ማውጫውን የአየር ግፊት የሚጠብቀውን መቆጣጠሪያ በእጁም አልነካቸውም። ግድግዳው ላይ የነበረውን አሮጌ ቴርሞስታትም አላነሳውም፣ ዝቅ ባለ ዲግሪ ላይ አድርጎ እዚያው ብሎን ላይ ጎን ለጎን ተወው። ኮምፒውተሩ ቢበላሽ እንኳ ቤቱ ሲቀዘቅዝ አሮጌው ራሱ ምድጃውን ያስነሳዋል። ይሄ ሐሳብ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ሙቀት መለኪያ ሳሎን፣ እናቴ መኝታ ቤትና የወጥ ቤቱ ቧንቧ በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ ገጥሟል። ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ግን ሌላ ዓይነት ነው። ለክፍሎቹ የተጠቀመበት ዲጂታል መለኪያ ከ125 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ አይችልም፣ ጭስ ማውጫው ደግሞ ከዚያ ሊበልጥ ስለሚችል ቴርሞካፕል የሚባለውን፣ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል መለኪያ ነው ያሰረበት። ብዙውን ወሬ የሚነግረን እሱ ነው። ሙቀት ተጠይቆ ጭስ ማውጫው በጊዜው ካልሞቀ እሳቱ አልያዘም ማለት ነው፣ መልእክት ይመጣል። ቀስ እያለ ከቀዘቀዘ ፔሌቱ እያለቀ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠይቄው ነበር። እሳቱ ካልያዘ ኮምፒውተሩ ደጋግሞ ይሞክር አልኩት። አይሆንም አለኝ። ባልተሳካ ቁጥር ያልነደደ ፔሌት ማቃጠያው ውስጥ ይከማቻል፣ መጨረሻ ላይ ሲይዝ ደግሞ የታፈነው ጭስ አንድ ጊዜ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ አንዴ ካልተሳካ ሪሌዩ ይለቅና ሰው ሄዶ እስኪያይ ይጠብቃል። ቤቱን እንደራሱ ቤት ነው ያሰበለት።

ለእናቴ ያደረገውን ሳልናገር አላልፍም። ሳሎን ላለችው ታብሌት ገጹን በአማርኛ ሠራላት። «እማማ፣ ይሄን በእርስዎ አባባል እንዴት ልጻፈው?» እያለ ራሷን ጠይቆ ነው የጻፈው። «እሳቱ እየነደደ ነው»፣ «ፔሌት ይጨመር»፣ «ልጅሽ ጋ ደውዪ»፣ እንዲህ ነው የሚለው። ከዚያ ቁጭ ብሎ አሳያት፣ ቡና አፍልታለት እስኪጠጣ ድረስ ስትጠይቀው ሲመልስላት ነበር። አንድ ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ «የጭስ ማውጫው እየቀዘቀዘ ነው» የሚል መልእክት መጣልኝ። ላፕቶፔን ከፍቼ ሳየው እውነትም ሙቀቱን የሚያሳየው መስመር እየወረደ ነው። ማታ ግን ከረጢት ሙሉ ተጨምሮበታል። ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ፍሬው ተያይዞ ሲቀር ያ ልጅ ያሳየሽ ትዝ ይልሻል?»

«እንዴት አይለኝም! በእንጨቱ ላማስለው ነው? እጄን አላስገባም፣ አውቃለሁ።»

ፔሌቱ ከላይ ድልድይ ሠርቶ ከታች ባዶ ሆኖ ነበር። ክዳኑን ከፍታ በእንጨቱ አወረደችው፣ መልሳ ዘጋችው። ትንሽ ቆይቶ መስመሩ ወደ ላይ ሲመለስ እኔ ከሆስፒታል ሆኜ እያየሁ ነበር። ድሮ ቢሆን የምሰማው ጠዋት ስገባ ነበር።

ስለ ደህንነቱም ልንገራችሁ። ራውተሩን ለውጭ አልከፈተውም፣ የምንገባው በቪፒኤን፣ ማለትም ለእኛ ብቻ በተዘጋጀ የተመሰጠረ የኢንተርኔት መንገድ ብቻ ነው፣ ያውም ከእኔና ከባለቤቴ ስልክ፣ ከላፕቶፔም። እሳት ያለበት ነገር ለማንም እንዲደርስ መተው ያስፈራል። የይለፍ ቃሉን ሁሉ ለእኛ ሰጥቶን ራሱን አስወጣ። ለኮምፒውተሩና ለራውተሩ ባትሪ አድርጎላቸዋል። ቤቱ ጭራሽ ዝም ካለም ውጭ ያለ ሌላ አገልግሎት ዝምታውን አይቶ ይነግረናል። ያ ባትሪ ምድጃውን ራሱን እንደማያንቀሳቅስ ግን በግልጽ ነገረን፤ መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ እናቴ ጎረቤት እንድትሄድ ከጎረቤቶቻችን ጋር ተነጋግረናል።

ዋጋውን አስቀድሞ በጽሑፍ ሰጠን፣ ሲጨርስም አልጨመረም። የሽቦውን ንድፍ ወረቀት ላይ ስሎ ምድጃው አጠገብ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ለጠፈልን፣ ነገ ሌላ ሰው ቢመጣ እንዲገባው።

ቀን ቀን ሌላ ሥራ ስላለው ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ የሚመጣውም ቅዳሜና እሁድ ነው። ይሄን አውቃችሁ ታገሡት። በእጅ እንጨት የሚጨመርበትን ተራ ምድጃ አይሠራም፣ እሱን ከርቀት ማዘዝ አይቻልም ነው የሚለው። የጋዝ ማሞቂያም አይነካም፣ ለእሱ ፈቃድ ያለው ሌላ ሰው ፈልጉ ይላል።

ስልኩን እዚህ ማውጣት ስላልፈለገ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ስትደውሉለት የምድጃችሁን ሞዴልና የጀርባውን ፎቶ አዘጋጁ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። በረዶው ከጀመረ በኋላ ቀጠሮ ማግኘት ከባድ ነው፣ ጭስ ማውጫችሁንም አስጠርጋችሁ ጠብቁት።